ሊ-ኦን-ሲ መኖር እንዴት ነው? ከለንደን ወጣ ብሎ ባሕር ዳር ስለመኖር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የለንደን ኪራይ ያንገፈገፈው ሀበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይደውልልኛል። "እዚያ ባሕሩ ዳር እንዴት ነው ኑሮ? እኛም እንምጣ ወይ?" ይላል። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሊን (ሊ-ኦን-ሲን በአጭሩ እንዲህ ነው የምንላት) የምትመርጡ ከሆነ ባቡሩንና ትምህርት ቤቱን አይታችሁ ምረጡ። ባሕሩ ምርቃት ነው። ባሕሩን ብለው የመጡ ሰዎች ክረምቱ ሲገባ ሲያኮርፉ አይቻለሁ።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹ ግን በሀበሻ።

በመጀመሪያ የት ነው ያለችው?

ከለንደን በስተምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ኤሴክስ ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ሰፍቶ ወደ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ናት። ከ20 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ይኖርባታል። የራሷ ትንሽ ምክር ቤት ቢኖራትም ዋናው አስተዳደር የጎረቤቷ የሳውዝኤንድ ከተማ ነው። ቆሻሻ፣ መንገድና የካውንስል ታክስ ሲነሣ ሳውዝኤንድን ነው የምታናግሩት።

ሳውዝኤንድ የከተማነት ማዕረግ በይፋ የተቀበለችው በ2022 ነው። ታሪኩ ያሳዝናል። ማዕረጉ እንዲሰጣት ለዓመታት የወተወቱት የፓርላማ አባል ሰር ዴቪድ አሜስ በኦክቶበር 2021 እዚሁ ሊ ውስጥ፣ ከመራጮቻቸው ጋር ሲነጋገሩ በስለት ተገደሉ። ማዕረጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊ ራሷ ሁለት ናት። ላይኛው ዳገቱ ላይ ነው፤ ሱቁ፣ ካፌው፣ መኖሪያ ቤቱ በብዛት እዚያ ነው። ታችኛው "ኦልድ ሊ" ይባላል፤ የድሮው የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። በ1850ዎቹ ባቡር ሲመጣ ሐዲዱን በመንደሩ መሐል ሰንጥቀው አሳለፉት። ስለዚህ ዛሬ ኦልድ ሊ በሐዲዱና በውኃው መካከል ቀጥና ቀርታለች።

ባሕር ዳር ነው ተብለን መጣን። ባሕሩ የት ሄደ?

ይመለሳል፣ አይዟችሁ።

አብዛኞቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ሰፊ ውኃ ያየነው ሐዋሳ ወይም ጣና ነው። ሐይቅ ደግሞ ቦታውን አይለቅም። እዚህ ውኃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 5 ሜትር ያልፋል። መሬቱ ደልዳላ ነው። ስለዚህ ውኃው ሲጎድል ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይሄዳል። የሚቀረው ጭቃ ነው። ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በሞቃት ቀን የሚሸት ጭቃ። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመው ታገኟቸዋላችሁ።

ሳውዝኤንድ ላይ ፒር አለ፤ በምሰሶ ላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ ድልድይ መሰል መንገድ ነው። ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዓለም ከመዝናኛ ፒሮች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ጫፉ ድረስ የሚያደርስ ትንሽ ባቡር አለው። ያን ያህል ያስረዘሙት ለጌጥ አይደለም። ጭቃው መርከብ ወደ ዳር አላስጠጋ ሲል ፒሩን ወደ መርከቡ ወሰዱት።

የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። "ዛሬ በዚህ ሰዓት ዋኝተናል፣ የዛሬ ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንመጣለን" ብላችሁ ጓደኛ አትጥሩ። 50 ደቂቃውን በ7 አባዙት፤ 6 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የዛሬ ሳምንት በዚያው ሰዓት የሚጠብቃችሁ ጭቃው ነው። የሙላት ሰንጠረዥ በስልክ በነጻ ይገኛል። እዚህ የሚኖር ሰው የአየር ትንበያውን አይቶ ወዲያው እሱንም ያያል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ጭቃው ላይ ርቃችሁ አትሂዱ። በተለይ ልጆች ዛጎል እንለቅማለን ብለው ሲገሰግሱ ዝም አትበሉ። ውኃው ሲመለስ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም። ጭቃው ውስጥ ባሉት ቦዮች ዞሮ ከኋላችሁ ይገባል። የባሕር ነፍስ አድን ድርጅቱ ሳውዝኤንድ ላይ በጭቃም በውኃም ላይ የሚሄድ ሆቨርክራፍት አስቀምጧል፤ ያለምክንያት አይደለም። ሰው ተይዞ ካያችሁ 999 ደውላችሁ "ኮስትጋርድ" በሉ። ራሳችሁ አትግቡ።

ለመዋኘት ሰው የሚሄደው ከሊ በስተምሥራቅ ያለው ቻልክዌል ነው፤ ወይም ኦልድ ሊ ያለችው ትንሿ አሸዋ፣ ቤል ዋርፍ። ሁለቱም ሲሞላ ነው የሚያምሩት። ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ግን ጥቂት ቀን ታገሡ። በእንግሊዝ አገር ቧንቧው ሲጨናነቅ ፍሳሽ ወደ ውኃው ሊለቀቅ ይችላል።

ለንደን እየሠሩ እዚያ መኖር ያዋጣል?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። መልሱ እንደ ሥራችሁ ነው።

መስመሩ ሲ-ቱ-ሲ ይባላል። ከሊ ጣቢያ እስከ ለንደኑ ፌንቸርች ስትሪት ጣቢያ፣ እንደ ባቡሩ ፍጥነት፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። መስመሩ ከጁላይ 2025 ጀምሮ የመንግሥት ሆኗል። ባቡሩ ያው ባቡር ነው።

ፌንቸርች ስትሪት ሲቲ የሚባለው የለንደን የገንዘብ ማዕከል እምብርት ላይ ነው። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ እዚያ አካባቢ ጽዳትም ሆነ ጥበቃ ለሚሠራ ሰው ወርዶ በእግር ነው። ግን በውስጡ አንደርግራውንድ የለውም። ታወር ሂል ድረስ ትንሽ መራመድ አለ። ብልህ ተጓዥ እስከመጨረሻው አይሄድም። ካናሪ ዎርፍ የሚሠራ ላይምሃውስ ወርዶ ዲ-ኤል-አር የሚባለውን ቀላል ባቡር ይይዛል። ስትራትፎርድ ወይም ሰሜን ለንደን የሚሄድ ዌስት ሃም ላይ ይቀይራል።

አሁን ወደ ሐቁ። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያልኩት ከጣቢያ ጣቢያ ነው። የቤት ወኪል "ለጣቢያው ቅርብ" ሲላችሁ "ለየትኛው? ዳገቱስ?" በሉት። የሊ ጣቢያ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ታች ረባዳው ላይ ነው። የሱቁ መንገድ ብሮድዌይ ደግሞ ላይ ነው። ጠዋት ቁልቁል ይሮጣል፤ ማታ ደክሞ ዳገቱን መውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። ከብሮድዌይ በስተምሥራቅ የሚኖር ሰው የሚቀርበው ቻልክዌል ጣቢያ ነው። ከበር እስከ በር ስትቆጥሩት ለአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። ደርሶ መልስ 3 ሰዓት ማለት ነው። ከሕፃን ልጅ ጋር የሚያሳልፉት የምሽት ጊዜ ከዚያ ላይ ነው የሚቀነሰው።

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ኦፊስ የሚገባ ሰው እዚህ ደልቶት ይኖራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ፍሌክሲ የሚባል ቲኬት አለ፤ በ28 ቀን ውስጥ ለ8 ቀን ይሠራል። በየቀኑ የሚመላለስ ደግሞ ዓመታዊ ሲዝን ቲኬት ይገዛል፤ ዋጋው በሺዎች ፓውንድ ነው። ቤት ስታሰሉ እሱን ከሞርጌጁ ጋር ደምሩት። ሁለታችሁም ለንደን የምትሠሩ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለት ጊዜ ደምሩት። ያኔ "ርካሽ" የተባለው ቤት ብዙ አይረክስም።

የማይሆንለትን ሰው ልንገራችሁ። ሌሊት የሚሠራ ወይም ሽፍቱ የሚቀያየር ሰው። እኩለ ሌሊት አለፍ ሲል ባቡር አበቃ። ሬስቶራንት ዘግቶ ሌሊት 7 ሰዓት የሚወጣ፣ ወይም ንጋት 11 ሰዓት ሥራ ላይ መገኘት ያለበት ሰው መኪና ከሌለው እዚህ አይኑር። በመኪናም ቢሆን ኤ-127 እና ኤ-13 የሚባሉት አውራ ጎዳናዎች ጠዋት ጠዋት ይዘጋጋሉ። ሊ ከዩሌዝ፣ ማለትም ለንደን በካይ መኪናን ከምታስከፍልበት ክልል ውጭ ናት። ለንደን ስትገቡ ግን መኪናችሁ አሮጌ ናፍጣ ከሆነ በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፈላል።

ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሐዲድ ጥገና አለ። በባቡር ፈንታ አውቶቡስ ይመደባል። ያን ቀን ለንደን ሰርግ ካለባችሁ ማልዳችሁ ውጡ።

ምርቃቱ የሚሰጠው መመለሻው ላይ ነው። ቤንፍሊት ካለፋችሁ በኋላ ሕንጻው ያልቅና ሜዳው ይከፈታል። በስተግራ ኮረብታው ላይ የፈረሰው የሃድሊ ግንብ ይታያል፤ ግንባታው የተጀመረው በ13ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በስተቀኝ ረግረጉና ውኃው። ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ተሳፋሪ ሁሉ ቀና የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ቤት ይረክሳል ወይ?

ከብዙው የለንደን ክፍል ይረክሳል። ከጎረቤቶቹ ግን ይወደዳል። ራይትሙቭ የተባለው የቤት ድረ ገጽ በ2016 እና በ2018 ሊን "በብሪታንያ ደስተኛ ሰዎች የሚኖሩባት ስፍራ" ብሎ አንደኛ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ የቤት ወኪል ይህንን ሳይጠቅስ አይውልም።

ቤቶቹ በብዛት ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። ጠባብ፣ ረጃጅም፣ ዳገት ላይ የተደረደሩ። ያምራሉ፣ እርጥበትም ይወዳሉ። አካባቢው የሸክላ አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል። ለጥሩ ሰርቬየር፣ ማለትም ለቤት መርማሪ ባለሙያ፣ ሳታሳዩ አትፈርሙ። ማስታወቂያው "የባሕር እይታ" ካለ የቱ መስኮት እንደሆነ ጠይቁ። የመታጠቢያ ቤቱ ሊሆን ይችላል፣ ያውም አንገት አጣሞ።

በጀቱ ካልበቃ አንድ ሁለት ጣቢያ አልፋችሁ ዌስትክሊፍን እዩ። ባሕሩ ያው ነው፣ መስመሩ ያው ነው፣ አፓርታማም ይበዛል።

ለልጆች ትምህርት ጥሩ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን ቆም ብላችሁ ስሙ።

በእንግሊዝ አገር አብዛኛው አካባቢ በፈተና የሚገባበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የለውም። ሳውዝኤንድ አላት። ግራመር ስኩል ይባላሉ። ዌስትክሊፍ ለወንዶችና ለሴቶች፣ ሳውዝኤንድም እንዲሁ ለወንዶችና ለሴቶች፤ ዋናዎቹ እነዚህ አራቱ ናቸው። ክፍያ የላቸውም። ፈተናው "ኢለቨን ፕላስ" የሚባለው ነው፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ። ልጁ ይር 6 (የአንደኛ ደረጃ የመጨረሻውን ዓመት) በሚጀምርበት በሴፕቴምበር ይፈተናል። ምዝገባው ግን ከዚያ በፊት፣ ትምህርት ሳይዘጋ ነው። ስንቱ ወላጅ ሴፕቴምበር ላይ ሊያስመዘግብ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ጠብቆታል።

ትምህርት ቤቶቹ በአካባቢው ለሚኖሩ ልጆች ቅድሚያ ይሰጣሉ። ከለንደን በባቡር እየመጣ የሚማር ልጅም አለ፤ ከፍ ያለ ውጤት ይጠበቅበታል። ሊ የሚኖር ልጅ ይቀለዋል። ለሀበሻ ወላጅ ዋናው መሳቢያ ይሄ ነው፤ ባሕሩ ሽፋን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጉዳቱም አለ። ከይር 4 ጀምሮ የወላጆች ወሬ ፈተናና አስጠኚ ብቻ ይሆናል። አስጠኚ ገንዘብ ይበላል። ሁለት ልጅ ኖሯችሁ አንዱ አልፎ አንዱ ሲወድቅ ቤት ውስጥ የሚፈጠረውን አስቡት። ያላለፈ ልጅ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ እዚያው ሊ ውስጥ ቤልፌርስ አለ፣ ሌሎችም አሉ። እኔ ወላጆችን የምመክረው ስለ ፈተናው ከማሰባቸው በፊት ልጁ ካላለፈ የሚገባበትን ትምህርት ቤት ሄደው እንዲያዩ ነው። እሱ ከደላችሁ ኑ።

ሀበሻ አለ? ቤተ ክርስቲያንስ? እንጀራስ?

መንገድ ላይ "እንዴት ነሽ?" የሚላችሁ አታገኙም። ከተማው በአብዛኛው ነጭ ነው፣ ዕድሜውም ገፋ ያለ። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ሰላም ይላል። ነገር ግን ልጃችሁ በክፍሉ ብቸኛው ጥቁር ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህንን ከመምጣታችሁ በፊት ከልጁም ጋር ተነጋገሩበት።

ቤተ ክርስቲያን ለንደን ነው። እሁድ ጠዋት ባቡሩ ከሌላው ቀን ዘግይቶ ይጀምራል፤ ኪዳን ደርሶ ማስቀደስ የሚፈልግ ሰው በመኪና መሄድ አለበት። ዋናው ችግር ፋሲካ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ቅዳሴ ሲያልቅ ባቡር የለም። ወይ መኪና፣ ወይ ዘመድ ቤት አንድ ጥግ ላይ ጋደም ማለት ነው። ገናም ጃንዋሪ 7 ስለሚውል ብዙ ጊዜ የሥራ ቀን ነው፤ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጠይቁ። መስጊድ ግን ሩቅ አይደለም፤ ዌስትክሊፍና ሳውዝኤንድ ውስጥ አለ።

እንጀራ ከለንደን ይመጣል። እኛ ለንደን በሄድን ቁጥር ገዝተን ፍሪዘር እንሞላለን። ጤፍ ገዝቶ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት የሚጋግርም አለ። በርበሬና ሽሮ ያው ከአገር ቤት በሻንጣ ነው።

ጎረቤታችን ዌስትክሊፍ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ሁሌ ያስቀናኛል። ቀድሞም ብዙ አይሁዶች የሚኖሩባት ሰፈር ናት። ባለፉት አሥር ዓመታት ደግሞ የለንደን ቤት ዋጋ የከበዳቸው አጥባቂ አይሁድ ቤተሰቦች ከስታምፎርድ ሂል ተነሥተው ወደዚያ መጥተዋል። አመጣጣቸው ተጠራርተው ነው። ምኩራቡ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የኮሸር ሱቁ አብሯቸው መጣ። እኛ ግን አንድ በአንድ፣ እየተደባበቅን ነው የምንወጣው። አንዱ ወደ ኬንት፣ አንዱ ወደ ሉተን፣ አንዱ እዚህ። አምስት ቤተሰብ ተነጋግሮ አንድ ከተማ ቢመርጥ እኮ ማኅበር ይጠጣል፣ ልጆችም ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ይቆጥራሉ። ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምለው "ከማን ጋር ነው የምትመጡት?" ነው።

እውነት ጸጥ ያለ ነው?

በሥራ ቀን፣ አዎ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የመኖሪያው መንገድ ጭር ይላል። ለንደን ሲሬን ለምዶ የተኛ ሰው መጀመሪያ ሰሞን ጸጥታው እንቅልፍ ይነሳዋል።

በጋ ላይ ግን ኦልድ ሊን አትጠይቁ። ፀሐይ የወጣች ቅዳሜ ግማሽ ኤሴክስ እዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ቢራ ይዞ ይቆማል። ፓርኪንግ የለም። ነዋሪው ያን ቀን ወደ ታች አይወርድም፤ ወደ ቤልፌርስ ጫካ ይሄዳል። የሳውዝኤንድ አውሮፕላን ማረፊያም ቅርብ ነው። ከ2025 ወዲህ በረራው ጨምሯል፤ አንዳንዱ በከተማው አናት ላይ ያልፋል። ቤት ስታዩ ጓሮ ወጥታችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ሰማይ ሰማዩን እዩ።

ያን በትንሽ ሳህን የሚሸጡትን የባሕር ነገር እንበላለን?

ኮክል ይባላል። ዛጎል ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፍጥረት ነው። ከጭቃው ያወጡታል፣ ይቀቅሉታል፣ ኮምጣጤና ቁንዶ በርበሬ አድርገው በቀዝቃዛው ይሸጡታል። ሊ በእንግሊዝ የታወቀችው በእሱ ነው።

ለኦርቶዶክስ አማኝ መልሱ ቀላል ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ይከለክላል። ስለዚህ ኮክልም፣ ሽሪምፕም፣ ሸርጣንም አይበላም። ሙስሊም ወንድሞቻችን ዘንድ እንደየመዝሀቡ ነው። እኔ አልቀመስኩም፤ የቀመሱት "ጨው የነካው ማስቲካ" ይላሉ።

ዓሣ ሌላ ነው። ዓሣና ቺፕስ በየጥጉ አለ። በጾም ዓሣ የምትበሉ ከሆናችሁ ግን መጥበሻውን ጠይቁ። በእንግሊዝ አገር በከብት ስብ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ።

ኮክል ባትበሉም ታሪኩን እወቁለት። በ1940 የእንግሊዝ ጦር ዳንከርክ ላይ በጀርመኖች ሲከበብ ከሊ ስድስት የኮክል ጀልባዎች ሄዱ። ጥልቀት የማይጠይቁ ስለሆኑ ወደ ዳር ተጠግተው ወታደር ያወጡ ነበር። ሪናውን የምትባለው ስትመለስ ፈንጂ መትቷት ሠራተኞቿ በሙሉ አለቁ። መታሰቢያቸው ዳገቱ ላይ ባለው የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ከስድስቱ አንዷ ኢንዴቨር ታድሳ ዛሬም አለች።

ብርዱስ?

ዝናቡ ትንሽ ነው። ይህ የኤሴክስ ጠርዝ ከብሪታንያ ደረቅ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በዓመት የሚዘንበው የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። ከምሥራቅ የሚነፍሰው የፌብሩዋሪ ነፋስ አጥንት ይገባል። ጃንጥላ አትግዙ፣ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው ጃኬት ግዙ።

ጎርፍ አያሰጋም?

ላይኛውን ሊ፣ ከባሕሩ በኩል፣ ብዙም አያሰጋውም። ኦልድ ሊ ግን ውኃው በጣም ሲሞላ መንገዱ ላይ ይወጣል።

እዚህ የሸመገለ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ወይም ከወላጆቹ የሰማው ሌሊት አለ፤ ጃንዋሪ 31 ቀን 1953። ከሰሜን ባሕር የተነሣው ማዕበል ከሙላቱ ጋር ገጥሞ የምሥራቅ እንግሊዝን ዳርቻ ጥሶ ገባ። ከሊ ማዶ የምትታየው ካንቪ ደሴት ባሕሩ ሲሞላ ከውኃው ከፍታ በታች የምትሆን ዝቅተኛ መሬት ናት። ከ50 በላይ ሰው ሞተባት። ዛሬ ካንቪ በትልቅ የኮንክሪት ግንብ ተከብባለች። የለንደኑ የቴምዝ በር የተሠራው ለዋና ከተማው ነው፤ ከእኛ ወደ ላይ ስለሆነ እኛን አይሸፍንም። ቤት ስትገዙ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፖስታ ኮዱን አስገብታችሁ የጎርፍ ስጋቱን እዩ። ነጻ ነው። የኢንሹራንስ ዋጋውንም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ልትመጣልኝ ነው። አይሰለቻትም?

ሊሰለቻቸው ይችላል፣ አልዋሽሽም። ጠዋት ሁላችሁም ወጥታችሁ ማታ ስትመለሱ ቀኑ ይረዝምባቸዋል። ጎረቤት ቡና ጠጡ ብሎ አይጠራም። ቢሆንም ከለንደን አሥረኛ ፎቅ ይሻላቸዋል። ለጥ ያለ የእግር መንገድ አለ፤ ከኦልድ ሊ እስከ ቻልክዌል ውኃውን ይዞ ይሄዳል፣ አግዳሚ ወንበርም በየቦታው አለው። ዳገቱን ግን በእግር አታስወጫቸው፤ ጉልበት ይፈጃል። ላይ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ውኃውን ቁልቁል የሚያሳይ የአትክልት ቦታ አለ።

ሽማግሌና ባልቴት እዚህ ይበዛል፤ ሲያልፉም ሰላም ይላሉ። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶች "ሞርኒንግ" ማለት ተምረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከልጆቻቸው የበለጠ ሰው ሲያውቁ አይቻለሁ። መርከብም ያያሉ። ከወንዙ ወደ ላይ በ2013 የተከፈተ ለንደን ጌትዌይ የሚባል ወደብ አለ፤ ኮንቴይነር የቆለለ መርከብ ሁሉ በፊታችን ነው የሚያልፈው። በመኸር ደግሞ ከሳይቤሪያ የሚመጡ ዝዮች ጭቃው ላይ ይሰፍራሉ። ቱ ትሪ አይላንድ ውሰጃቸው። ድሮ የቆሻሻ መጣያ ነበር ብትያቸው አያምኑሽም፤ ዛሬ የአእዋፍ መጠበቂያ ነው።

ሐኪም ከተፈለገ የድንገተኛ ክፍሉ ሳውዝኤንድ ሆስፒታል ነው። የጎብኚ ቪዛ ያለው ሰው ለሕክምና ሊከፍል ስለሚችል የጉዞ ኢንሹራንስ ከአገር ቤት ሳይነሡ ይግቡ።

ከመወሰናችን በፊት አንድ ቀን መጥተን ብናይስ?

እንደሱ አድርጉ። ግን በጁላይ ቅዳሜ አትምጡ፤ ያኔ የማያምር የባሕር ዳር ከተማ የለም። በፌብሩዋሪ ማክሰኞ ኑ። የምትችሉ ከሆነ ሰኞ ማታ እዚህ እደሩና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሥራ ከሚሄዱት ጋር ተሰልፋችሁ ባቡሩን ያዙ። የምትኖሩት ያን ጉዞ ነው።

ለሽርሽር ብቻ ከሆነ ቲኬቱን እስከ ቻልክዌል ግዙ። ሊ ላይ ወርዳችሁ በኦልድ ሊ አድርጋችሁ በውኃው ዳር በእግር ወደ ቻልክዌል ሂዱ፤ ጣቢያው እዚያው ባሕሩ ላይ ነው፣ መመለሻውን ከዚያ ትሳፈራላችሁ። የሙላቱን ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ። እንጀራ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉልኝ።